የልጅ ልጅ ያሳይዎት

በአገራችን ካሉት ምርቃቶች ሁሉ እኔ የምወደው "የልጅ ልጅ ያሳይህ" የሚለውን ነው። ሀብት አይልም፣ ሹመት አይልም፣ ጠላትህን ከእግርህ በታች ያድርግልህም አይልም። ዕድሜ ይስጥህና የዘራኸው ሲያፈራ ተመልከት፣ በቃ። ደሃም ይመረቅበታል፣ ባለጸጋም ይመረቅበታል።

ችግሩ የሚመጣው ምርቃቱ የሹማምንት ግቢ ሲገባ ነው። እዚያ ቤት የልጅ ልጅ ሲወለድ የሚወለደው ሕፃን ብቻ አይደለም። ውል ይወለዳል፣ መያዣ ይወለዳል፣ አልጋ ወራሽ ይወለዳል፣ ባላንጣም ይወለዳል። እኛ ደግሞ ከውጭ ሆነን ጆሯችንን ግድግዳው ላይ ለጥፈን፣ "ልጁ ደህና ነው ወይ? እናቲቱስ?" ብለን በመጠየቅ ፈንታ "በእናቱ በኩል የማን ዘር ነው?" ብለን እንጠይቃለን። ዛሬ ልነቅፍ የተነሳሁት ይህችን ጥያቄ ነው። ትንሽ ትመስላለች፤ ግን ስንት ሰው በልታለች!

ነገሩን ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ከደጀን ተነስቶ በቢቸና፣ በደብረ ወርቅና በጉንደ ወይን አድርጎ ሞጣ የሚያደርሰው መንገድ ይበቃል። መንገዱን የሄደ ሰው ጤፉን፣ ገደሉንና አብያተ ክርስቲያናቱን ያስታውስ ይሆናል። እኔ ግን በሄድኩበት ቁጥር ትዝ የሚለኝ የአራስ ቤት ታሪክ ነው።

ከሞጣ እንጀምር። ሞጣ ጊዮርጊስን በ18ኛው ክፍለ ዘመን ያሠሩት ወይዘሮ ወለተ እስራኤል የእቴጌ ምንትዋብ ልጅ ናቸው። የጎንደሯ እመቤት ልጅ ለጎጃሙ ደጃዝማች ዮሴዴቅ የተዳረችው በፍቅር ብቻ ነው የሚል ካለ፣ እሱ ወይ ፖለቲካ አያውቅም ወይ ደግሞ ብዙ ልብ ወለድ ያነባል። ጋብቻው ጎንደር ጎጃምን የምታስርበት ገመድ ነበር። ገመዱም ቋጠሮ አበጀ፤ ራስ ኃይሉ ተወለደና ጎጃምን ገዛ። ከእሱ በኋላ የመጡት የጎጃም መሳፍንት ሐረጋቸውን ሲቆጥሩ እሱ ዘንድ ይደርሳሉ። ለምንትዋብ ይህ የልጅ ልጅ የተሳካ ነው ማለት ይቻላል።

ያልተሳካው ሌላኛው ነው። የምንትዋብ ልጅ ዳግማዊ ኢያሱ ከኦሮሞ ባላባት ልጅ ከውቢት ኢዮአስ የሚባል ልጅ ወለዱ። ይህም ሁለት ወገን ያስታርቃል የተባለ ልጅ ነው። ኢያሱ በ1747 ዓ.ም. ሲሞቱ ዘውዱ በልጁ ራስ ላይ ተጫነ። እንግዲህ ልብ በሉ! አያቲቱ የቋራ ዘመዶቻቸውን ይዘው በአንድ በኩል፣ እናቲቱ የራሷን ወገኖች ይዛ በሌላ በኩል፣ መሐል ላይ አንድ ልጅ። ሁሉም "ልጁ የእኛ ነው" ይላል። ልጁ የማን እንደሆነ ራሱን የጠየቀው ሰው የለም። ነገሩ ሲከር ራስ ሚካኤል ስሑል ከትግራይ መጡ፤ በ1761 ዓ.ም. ኢዮአስ በእሳቸው ትእዛዝ ተገደለ። ታሪክ ጸሐፊዎች ዘመነ መሳፍንትን የሚጀምሩት ከዚህ ነው።

መጻሕፍቱ ይህን "የቋራና የኦሮሞ ወገኖች ሽኩቻ" ብለው ያልፉታል። ውሸት አይደለም። ግን እኔ ሳነበው የሚታየኝ ሌላ ነገር ነው። ሁለት ወገኖች ሊስማሙበት የሚገባውን ሁሉ፣ ሥልጣኑን፣ ግብሩን፣ ጦሩን፣ አንዲት የሕፃን ትከሻ ላይ ጭነው "በል ተሸከም" አሉት። ሕፃን ደግሞ መንግሥት አይሸከምም። አንገቱን እንኳ ለማቅናት ወራት ይፈጅበታል።

ከዚያ ወዲህ ተማርን ወይ? ኧረ የት ተምረን!

በ1874 ዓ.ም. የሸዋው ንጉሥ ምኒልክና የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት እምባቦ ላይ ተዋጉ። ተክለ ሃይማኖት ቆስለው ተማረኩ። የሁለቱም የበላይ የነበሩት ዐፄ ዮሐንስ ተቆጡ፣ ቀጡ፣ ከዚያ እርቅ ሆነ። እርቁ በምን ታተመ? በሠርግ። በ1875 ዓ.ም. የዮሐንስ ልጅ አርአያ ሥላሴና የምኒልክ ልጅ ዘውዲቱ ተጋቡ። ሙሽራይቱ የስድስት ዓመት ልጅ ነበረች። ስድስት ዓመት! ዛሬ አንደኛ ክፍል የምናስገባት ልጅ ማለት ናት። ሐሳቡ ውሎ አድሮ ሁለቱ ነገሥታት የጋራ የልጅ ልጅ እንዲያዩ ነበር። ያ ሕፃን ግን ሳይመጣ ቀረ። አርአያ ሥላሴም በ1880 ዓ.ም. አረፉ። ዘውዲቱ በኋላ ንግሥት ሆኑ፤ ንግሥናቸውን ሁላችንም እናውቃለን። በስድስት ዓመታቸው ከእናት ከአባታቸው ተለይተው ወደ ሩቅ አገር ሲሸኙ ምን እንደተሰማቸው ግን የጻፈልን የለም። "ጋብቻው ፖለቲካዊ ነበር" ይላል መጽሐፉ፤ አራት ነጥብ።

አሁን ደግሞ ወደ ምኒልክ የልጅ ልጅ እንምጣ። ዐፄ ምኒልክ ዙፋን የሚረከባቸው ወንድ ልጅ ስላልነበራቸው፣ ከልጃቸው ከሸዋረጋ የተወለደውን ልጅ ኢያሱን በ1901 ዓ.ም. አልጋ ወራሽ አሉት። አባቱ የወሎው ራስ ሚካኤል ናቸው። ሸዋና ወሎ በአንድ ልጅ ተሰፉ ማለት ነው። ጎጃምስ? ጎጃምም መሰፋት አለባታ! በ1902 ዓ.ም. ኢያሱ የራስ ኃይሉ ተክለ ሃይማኖትን ልጅ ሰብለ ወንጌልን አገባ። ሙሽራው አሥራ አምስት ዓመት ቢሆነው ነው። ከዚህ ጋብቻ ዓለም ፀሐይ የምትባል ሴት ልጅ ተወለደች።

እስኪ የዚህችን ሕፃን ዘር በጣታችሁ ቁጠሩ። በአባቷ በኩል ምኒልክ ቅድመ አያቷ ናቸው። በእናቷ በኩል ተክለ ሃይማኖት ቅድመ አያቷ ናቸው። እምባቦ ላይ ጦር የተማዘዙት ሁለቱ ሰዎች፣ ማራኪውም ተማራኪውም፣ አንዲት ጨቅላ ደም ውስጥ ተገናኙ። ልብ ወለድ ላይ ቢጻፍ "ደራሲው አበዛው" እንላለን። የታሪክ መጻሕፍቶቻችን ግን ለዚህች ልጅ የሰጧት አንድ መስመር ነው፤ "አንዲት ሴት ልጅ ወለዱ" የሚል። ለምን? ወንድ ስላልሆነች። ወንድ ብትሆን ኖሮ ሃምሳ ገጽ ይጻፍላት ነበር፤ ምናልባትም በልጅነቷ ትገደል ነበር። እንዲህ ስታስቡት መረሷ ሳይሻላት አልቀረም።

የተሰፋው ሁሉ ደግሞ ብዙም ሳይቆይ ተተረተረ። መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ኢያሱ ተሻረ። በወሩ የልጅቱ ወንድ አያት ንጉሥ ሚካኤል ሰገሌ ላይ ድል ሆነው ተማረኩ። የጎጃሙ አያቷ ራስ ኃይሉ ግዛታቸውን ይዘው ቆዩ። ቆይተው ቆይተው በ1924 ዓ.ም. ኢያሱ ከታሰረበት ከፍቼ ሲያመልጥ "እጅዎ አለበት" ተባሉ። ሞት ተፈረደባቸው፤ ወደ ዕድሜ ልክ እስራት ተለወጠላቸው፤ ሀብታቸው ተወረሰ፤ ጎጃም ለራስ እምሩ ተሰጠ። ከምንትዋብ ልጅ ጀምሮ በጋብቻ ሲታሰርና ሲፈታ የኖረው የጎጃም ቤት በዚሁ ተዘጋ።

ራስ ኃይሉ ያን ያደረጉት ሥልጣን ናፍቋቸው ነው? የአዲስ አበባው አገዛዝ እጃቸውን እያጠበበባቸው ስለሄደ ነው? ወይስ የልጅ ልጃቸው አባት በሰንሰለት መኖሩ አንጀታቸውን በልቶት ነው? ታሪክ ጸሐፊዎች ስለ መጀመሪያዎቹ ሁለት ምክንያቶች ብዙ ብለዋል። ሦስተኛውን የሚያነሳ ሰው ብዙ አላጋጠመኝም። ራስ ኃይሉ ርኅሩኅ ነበሩ እያልኩ አይደለም፤ የጎጃም ገበሬ ግብራቸውን አይረሳም፣ ከጣሊያን ጋር መቆማቸውንም አገር ያውቀዋል። ግን አያት ነበሩ። አያትነትን ከፖለቲካ ሰው ላይ ነጥቆ የሚጽፍ ታሪክ ግማሹን ሰው ብቻ ነው የሚያሳየን።

መንግሥት ቢለወጥም ልማዱ አልተለወጠም። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴም ልጆቻቸውን ከትግራይ መሳፍንት ጋር አጋቡ። ልዕልት ዘነበ ወርቅ ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ ለደጃዝማች ኃይለ ሥላሴ ጉግሳ ተዳሩ፤ ብዙም ሳይቆዩ አረፉ፤ ባልየው በ1928 ዓ.ም. ለጣሊያን ገባ። አልጋ ወራሽ አስፋ ወሰን ደግሞ የራስ ሥዩም መንገሻን ልጅ አገቡ። ስማቸው ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ወለተ እስራኤል! የሞጣ ጊዮርጊሷን እመቤት ስም ብቻ አልወረሱም፤ ዕጣቸውንም ወረሱ። ከእሳቸው የተወለዱት ልዕልት እጅጋየሁ የኃይለ ሥላሴም የራስ ሥዩምም የልጅ ልጅ ናቸው። የሸዋና የትግራይ ቤት የታረቀበት ማኅተም ማለት ናቸው።

ማኅተሙ መጨረሻው ምን ሆነ? በ1967 ዓ.ም. ደርግ ንጉሡን ሲያወርድ የንጉሡ ልጅ ልዕልት ተናኘወርቅ፣ የልጅ ልጆቻቸው አይዳ፣ ሂሩት፣ ሰብለና ሶፍያ ደስታ፣ እጅጋየሁም ታሰሩ። ፍርድ ቤት አልቀረቡም። ክሳቸው ልደታቸው ነበር። ልዕልት እጅጋየሁ በ1969 ዓ.ም. እስር ላይ እንዳሉ አረፉ። ሌሎቹ ሴቶች የተፈቱት በ1980 ዓ.ም. ነው፤ ከአሥራ ሦስት ዓመት በላይ መሆኑ ነው። ልብ በሉ፤ የ1948ቱ ሕገ መንግሥት ዙፋኑን ለወንድ ዘር ብቻ ነበር የሰጠው። ለመንገሥ ሴትነታቸው ከልክሏቸዋል፤ ለመታሰር ግን ሴትነታቸው አልከለከላቸውም። በልጅ ልጅነት የሚገኘው ጥቅም ለወንዱ፣ ዕዳው ለሁሉም!

"ይህ የመኳንንቱ ጣጣ ነው፤ እኛ ምን አገባን?" የምትሉ ትኖራላችሁ። እንግዲህ ወደ ጉንደ ወይን ልውሰዳችሁ።

የጎጃም ገበሬ ለዘመናት መሬት የያዘው በርስት ነው። ርስት በአባትም በእናትም ይቆጠራል። የሴት ልጅ ልጅ አድጎ "በእናቴ በኩል ይገባኛል" ብሎ አቅኚ አባቱን ጠቅሶ መሟገት ይችል ነበር። ስለዚህ በገበሬውም ቤት ቢሆን የልጅ ልጅ መወለድ እልልታ ብቻ አልነበረም፤ ስም መጨመር ነው፣ ነገ የሚነሳ ክርክር ነው፣ ነገ የሚገኝ ማሳ ነው። በ1960 ዓ.ም. ቢቸናና ሞጣ በእርሻ ገቢ ግብር ምክንያት ሲያምፁ ገበሬውን ያስፈራው ብሩ ብቻ አልነበረም። "መሬቱ ሊለካ ነው፤ ከተለካ ርስቱ ይሄዳል" ብሎ ነው። ርስት ሄደ ማለት ደግሞ የልጅ ልጅህ ባዶ እጁን ቀረ ማለት ነው። የካቲት 1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጁ ርስትን ሻረው። ጥሩም ሆነ መጥፎ፣ "በዘር ሐረግ መሬት የለም" ተባለ። እሰየው፤ ከእንግዲህ ልጅ በአያቱ አይመዘንም ብለን ነበር።

ጉንደ ወይን ውስጥ አንድ የክርስትና ቤት ያገኘሁት ሰውዬ ነው ይህን ተስፋ ያፈረሰብኝ። ሰማንያ ቀኗን ጨርሳ ክርስትና የተነሳች ሴት ልጅ ነበረች፤ ሰውየው አያቷ ናቸው። ጠላው ከወረደ በኋላ ስለ መሬት ተነሳ። መቼም ጎጃም ውስጥ ጠላ ወርዶ ስለ መሬት ሳይነሳ አይቀርም።

"በ89ኙ ድልድል እርስዎ እንዴት ሆኑ?" አልኳቸው።

"እኔማ ምን አደረግሁና ልጄ፤ አባቴ እንጂ።"

"አባትዎ ምን አደረጉ?"

"በደርግ ጊዜ የገበሬ ማኅበር ሊቀ መንበር ነበር። 'ቢሮክራሲ' ተባለ። ጎረቤታችን ደግሞ አያቱ ጭቃ ሹም ስለነበሩ 'ቅሪት ፊውዳል' ተባለ። መሬታችን ተቀነሰ። እንግዲህ እኔ የቢሮክራሲ ልጅ ነኝ፤ ልጄ የቢሮክራሲ የልጅ ልጅ ነው፤ ይቺ..." ብለው ወደ ሕፃኗ ጠቆሙ፤ "ይቺን ምን ብለው እንደሚጠሯት እንጃ!"

ቤቱ በሳቅ ሞላ። እኔም ሳቅሁ። ወጥቼ መንገድ ከጀመርኩ በኋላ ግን ሳቁ ጉሮሮዬ ላይ ቀረ። በ1989 ዓ.ም. በአማራ ክልል በተካሄደው የመሬት ሽግሽግ በእነዚህ ሁለት ስሞች የተፈረጀ ሰው ከአንድ ሔክታር በላይ እንዳይዝ ተወስኖ ነበር፤ ለሌላው ገበሬ ጣሪያው ሦስት ሔክታር ነበር። የደርግን ሊቀ መንበር ስላጠፋው ጥፋት መጠየቅ አንድ ነገር ነው፤ ለዚያ ፍርድ ቤት አለ። "ቅሪት" የሚለው ቃል ግን ሌላ ነው። ቅሪት ማለት ከሞተ ነገር የተረፈ ማለት ነው። እስኪ ንገሩኝ፣ ገና የሚጠባ ልጅ የምን ትራፊ ይሆናል? የቤተ መንግሥቱ ልማድ ወርዶ ወርዶ የገበሬው ጎጆ ገባ። ልዕልት እጅጋየሁን ያሰረው አስተሳሰብና የጉንደ ወይኑን ገበሬ ማሳ የቆረጠው አስተሳሰብ ወንድማማቾች ናቸው። ሁለቱም "አያትህ ማነው?" ብለው ነው የሚጀምሩት።

ዛሬስ? ዛሬ ነገሥታት የሉንም፤ ጥያቄው ግን አለ። የአንድ ባለሥልጣን ልጅ ወለደች ሲባል ሻይ ቤት የሚጠየቀውን ስሙ። "አማቹ ከየት ነው? ከእነማን ወገን?" ይባላል። ልጁ ከሁለት ወገን ከተወለደ ግማሹ "አየህ፣ ሸጠን" ይላል፤ ግማሹ "አየህ፣ ገባንበት" ይላል። በቀበሌ መታወቂያ ላይ ብሔር በሚጻፍበት ጊዜ ሁለት ብሔር ያለው ልጅ አንዱን አያቱን መርጦ ሌላውን እንዲተው ይጠየቅ ነበር። ኢዮአስን የገደለችው ጥያቄ መልኳን ቀይራ በቅጽ ላይ ባዶ መስመር ሆና መጣች ማለት ነው።

ጋዜጠኞቻችንም ከዚህ አያመልጡም። አንዱ ወገን የባለሥልጣን ቤተሰብን ነገር እንደ ወታደራዊ ምስጢር ዝም ይላል። ሌላው ሕፃኑን ከነአልጋው አውጥቶ አደባባይ ላይ ያሰጣል። ሁለቱም ዋናውን አይጠይቁም። እኔ ብጠየቅ መለኪያው ቀላል ነው። አያትየው ለልጅ ልጁ የመንግሥት ቤት ሰጥቷል? ለአማቹ ጨረታ አሸንፎለታል? የሕዝብ መሬት በሕፃን ስም አጥሯል? ይህ የእኛ ጉዳይ ነው፤ ይጻፍ፣ ይመርመር፣ ይታተም። ልጅቱ ወለደች፣ አያቱ ደስ አላቸው፣ ቤቱ ገንፎ ገንፎ ሸተተ? ይህ የእነሱ ጉዳይ ነው። "እንኳን ማርያም ማረቻት" ብሎ ማለፍ ነው።

እንግሊዞች በእነሱ አቆጣጠር በ2013 ሕጋቸውን ቀይረው ታላቅ እህት በታናሽ ወንድሟ አትቀደምም አሉ። ያን ያደረጉት ሕፃን ከመወለዱ በፊት በምክር ቤት ተከራክረው፣ በጽሑፍ አስፍረው ነው። እነሱም የልጅ ልጃቸውን ፎቶ ሲያሳድዱ የሚውሉ ናቸው፤ ቅዱሳን አይደሉም። ግን ጠባቸውን ሕግ ላይ ጨርሰው ልጁን ለሞግዚት ይተዉታል። እኛ ሕግ ላይ መጨረስ ያቃተንን ሁሉ ለአራስ ቤት እናስተላልፋለን። ሁለት ወገን ሲጣላ ሽማግሌው ቶሎ የሚያስበው "እናጋባቸው" ነው። የሰው ልጅ ሲዋደድ ይጋባ፤ ማን ከለከለ! ግን ወሰን፣ ግብርና ሥልጣን የሚያጣላቸው ሰዎች ወሰኑን፣ ግብሩንና ሥልጣኑን ቁጭ ብለው ይነጋገሩ። ያልተነጋገሩበትን ነገር የሚጠባ ልጅ አይፈታላቸውም።

የታሪክ ጸሐፊዎቻችንንም አንድ ነገር እለምናለሁ። ዓለም ፀሐይን፣ የስድስት ዓመቷን ዘውዲቱን፣ እጅጋየሁን ከዘር ሐረግ ሠንጠረዥ አውጥታችሁ እንደ ሰው ጻፉልን። የትኛውን ቤት ከየትኛው ቤት እንዳገናኙ ነግራችሁናል፤ እናመሰግናለን። ያ መገናኘት እነሱን ምን እንዳስከፈላቸው ግን ገና አልነገራችሁንም። ይህን ያላነበበ ትውልድ ያንኑ ዋጋ ሌላ ልጅ ማስከፈሉ አይቀርም።

እኔ በበኩሌ ወስኛለሁ። ከእንግዲህ ማንም ሰው፣ ሹምም ይሁን ገበሬ፣ የልጅ ልጅ አየ ሲባል ሰምቶ "ለመሆኑ ልጁ ከየት ነው?" ብሎ የሚጠይቀኝ ካለ፣ "ከአራስ ቤት" ብዬ እመልስለታለሁ።